ሰባት ጊዜ የተሳመ ጉልበት

ጉልበት መሳም ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ጤነኛ ሰው ይህን አይቆጥርም። እኔ ቆጥሬያለሁ። ሙሽሪት እስክታጎነብስ አንድ፤ ከንፈሯ ጉልበቱን እስኪነካ ሁለት፤ ሽማግሌው አገጯን ይዘው ቀና እስኪያደርጓት ሦስት። በቃ፣ አለቀ። ስንት ጊዜ ሽማግሌ የተመላለሰበት፣ ስንት ቁና ጌሾ የተወቀጠበት ነገር በሦስት ሰከንድ ያልፋል። ያንን ሦስት ሰከንድ ጨለማ ቤት ውስጥ፣ በስልክ፣ ጥርት አድርገሽ አንሺ የተባልኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የተሳካልኝ የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው። እሱም ስለማይንቀሳቀስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ እህት የዘነበች ልጅ ሰናይት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተዳረች። ሰርጉ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ አምሮ አለፈ። መልሱ ግን አንኮበር፣ አያቷ ቤት ይሁን ተባለ። አያቷ የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ጥላና ብርሃን ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም። መኪና ላይ መውጣትም ትተዋል። እሳቸው ወደ ድግሱ ካልሄዱ ድግሱ ወደ እሳቸው ይሂድ ተብሎ፣ ድስቱም ሙሽሮቹም ከበሮውም በአንድ ሚኒባስ ተጭነው አንኮበር ገቡ።

የአባባን ቤት የማታውቁ ሰዎች ስለ ብርሃን ስናወራ አይገባችሁምና ልንገራችሁ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር። መስኮት አለው ይባላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስገባ ስወጣ አይቼዋለሁ፤ ከቆላ የሚመጣው ነፋስ እንዳይገባ ሁልጊዜ ጆንያ ተወትፎበታል። ያን ቀን ደግሞ መብራቷ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍታለች። ውጭ ጉም ወርዶ አጥሩ እንኳ አይታይም፤ ካፊያ አለ። ቤቱ ውስጥ ስልሳ ሰው ተቀምጧል። እርስ በርስ የምንተዋወቀው በሳላችን ነበር።

ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም ነበር። ፍቃዱ የሚባል ካሜራማን ነበረና። ሰርጉን እሱ ነው የቀረጸው። መልሱንም ሊቀርጽ ተዋውሎ፣ በዚያው ጠዋት ግን ደብረ ሲና አንድ ክርስትና ደርቦ ያዘ። «በሁለት ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ ጣርማ በር ላይ አንድ ከባድ መኪና በጉሙ ውስጥ መንገድ ዘግቶ ቆሞ አገኘው። ከመኪና መንገዱ ዋሻ ወዲያ ማዶ ቀረ። ሁለት መብራት፣ ሦስት ካሜራና አንድ ጃንጥላ የመሰለ ነገር ይዞ እዚያው ቀረ።

ዘነበች ወገቧን ይዛ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። ስልክ የሌለው ሰው አልነበረም። ዓይኗ ግን እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ!» አለችኝ። «አንቺ ታነሻለሽ።»

«እኔ? ምን አውቄ?»

«ሌላው ሰው ይጨፍራል፣ ያጨበጭባል፣ ያሳልፋል። አንቺ እንደሆነ ባለቤትሽ ካረፈ ወዲህ አትጨፍሪ፣ አታጨበጭቢ። እጅሽ ባዶ ነው። ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ። ፎቶ አንሺ ማለት ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አይደለም እንዴ?»

እናንተዬ፣ ሀዘን ሙያ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

እምቢ ልላትም ነበር። ነገር ግን ሰናይት ካባዋን በሁለት እጇ ሰብስባ መጣችና ጥግ ወሰደችኝ። «እትዬ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር» አለችኝ። «ዳቦ ሲቆረስ አታንሺ፣ ጭፈራውንም ተዪው። የአባባን ጉልበት ስስም ብቻ አንሺልኝ። ጥርት ያለ። ስልኬ ውስጥ ሁለት ሺህ ፎቶ አለኝ፤ ከአባባ ጋር ግን አንድ የለኝም። ነገ በጠዋት ጅማ እንሄዳለን። ተመልሼ ስመጣ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም። ባለቤቴ ሲያርፍ ለልቅሶው የሚሆን ፎቶ ፈልገን ቤቱን ገልብጠን አጥተናል። ሰውየው ፎቶ ላይ ቆሞ አያውቅም። በየአልበሙ አለ፤ ግን ወይ ዞሯል፣ ወይ እየሳቀ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ወርውሯል፣ ወይ ከዳር አንድ የጭስ ነገር ሆኖ አልፏል። በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችውን አስፋፍተን ሰቀልናት። እዚያ ላይ የሰው በሬ ሰርቆ የተያዘ ነው የሚመስለው። ለቀስተኛ ሁሉ ፎቶውን ቀና ብሎ ሲያይ «ይሄ ማነው?» የሚል ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሰናይት ምን እንደፈራች ገባኝ። «እሺ» አልኳት።

አባባ መደባቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ቀረቡ። እኔ ስልኬን አነሳሁ። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ፣ በእኔ ቤት አዋቂ ነኝና፣ የስልኩን ብልጭታ አበራሁ። ሰናይት አጎነበሰች፣ ሳመች፣ ስልኩን ነካሁት።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ቀን ሆኖ በአንድ ጊዜ ሌሊት ሆነ። አባባ «በስመ አብ!» ብለው ብድግ አሉ። «መብረቅ ነው! ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገቡ!»

«ውስጥ ነን አባባ፤ ፎቶ ነው» አለች ዘነበች።

«ፎቶ ይህን ያህል ምን ያስቆጣዋል?»

ፎቶውን አየነው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው እያማተቡ ነው። ከኋላቸው የተቀመጡት ሁሉ በነጭ ነጠላቸው ላይ ብልጭታው አርፎባቸው፣ ፊታቸው ጠፍቶ ልብስ ብቻ ሆነዋል። ሰናይት የለችም። የሙሽራው ካባ ሸፍኗታል፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የደብረ ብርሃን ምንጣፍ ነው የሚመስለው።

«ይደገም» አልኩ።

ይህች «ይደገም» የምትባል ቃል ምን ያህል ጣጣ እንዳላት ያኔ አላወቅሁም። ምክንያቱም እኛ ዘንድ ጉልበት በባዶ አይሳምም። ጉልበት ከተሳመ ምርቃት አለ። ሰው ለፎቶ ብሎ ጎንበስ ቢልም አባባ ያንን አያውቁም። በተሳሙ ቁጥር ይመርቃሉ። በመጀመሪያው ጊዜ «ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ» ብለው ጨርሰዋል። በሁለተኛው ያንኑ መድገም ነውር መስሎ ታያቸውና ጨመር አደረጉበት። «ሰባት ወንድ፣ ሰባት ሴት ይስጣችሁ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

ሁለተኛው ያለ ብልጭታ የተነሳ ነው። አባባ ሁለት ጢም አላቸው። ሰናይት ጎንበስ ከምትልበት ጀምሮ ቀና እስከምትልበት ድረስ ሁሉም ቦታ ላይ አለች፤ እንደ ፈሰሰ ወተት ተዘርግታለች። ሙሽራው ሙሉጌታ አይቶ «ይህቺን አላገባሁም» አለ። ሰናይት በክርኗ ጎሸመችው።

ለፍቃዱ ደወልኩለት። ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እናቴ፣ ካሜራ ዓይን ነው» አለኝ። «ብርሃን ሲያገኝ ቶሎ ዓይቶ ቶሎ ይከድናል። ጨለማ ሲሆንበት ግን ይበቃኛል እስኪል ድረስ አፍጥጦ ይቆያል። እሱ አፍጥጦ እያለ ሰው ከተንቀሳቀሰ ደበዘዘ ማለት ነው። አባባን ወደ በሩ አቅርቧቸው። ብርሃኑ ከጎን ይምጣላቸው።»

አባባን ወደ በሩ ማቅረብ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መደብ አይነሳም። ወንበር ተፈለገ። አራት ሰው አንስቶ ወሰዳቸው። በሩ ተከፈተ። ጉሙ እንደ ተጠራ እንግዳ ሰተት ብሎ ገባ። ስልሳው ሰው በአንድ ድምፅ ሳለ። አባባ «ጎኔን ሊወጋኝ ነው» አሉ፤ ሁለተኛ ጋቢ ተደረበላቸው። «እግሬስ?» አሉ፤ ብርድ ልብስ መጣ። በመጨረሻ ከአባባ የሚታየው ጢማቸውና ለመሳም ተብሎ የተተወ አንድ ጉልበት ብቻ ሆነ።

ሦስተኛው። ክርኔን ጎኔ ላይ ደገፍኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሰናይት ሳመች። አባባ ገና ሁለት ልጅ እንኳ ሳይቀንሱ «መንታ መንታውን ያድርግላችሁ! የበጎቻችሁም እንዲሁ!» አሉ። ነካሁት።

ፎቶው ላይ ጣሪያው አለ። በደንብ ጥርት ብሏል። የሸረሪት ድሩ ሳይቀር ይቆጠራል።

አራተኛውን ደገምን። አባባ አሁን ሞቅ ብሏቸዋል። የልጆቹን ልጆች መመረቅ ጀምረዋል። ነካሁት። እንደገና ጣሪያ ነው፤ በሌላ በኩል።

«ይህ ስልክ ምን ነክቶት ነው ሰማይ ሰማዩን የሚያየው?» አለች ዘነበች። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «አንቺ፣ አባቴ ሲመርቁ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? አሜን እላለሁ።»

«እጅሽስ?»

 እጄ ምን እንደሚያደርግ እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ምርቃት ሲወርድ ሁለት መዳፌን ወደ ላይ ዘርግቼ ነው የምቀበለው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስልኩም መዳፌ ላይ ስላለ አብሮኝ ወደ ሰማይ ይዘረጋል። እጄን ሰብስቤ ምርቃት መቀበል አልችልም። ማን ይችላል? የሚወርድ ነገር በተዘጋ እጅ ይያዛል እንዴ?

«በቃ አንቺ አሜን አትበዪ» አለች ዘነበች ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ። «እኛ እንልልሻለን።»

«የኔን አሜን እናንተ ልትሉልኝ?»

«ስልሳ ሰው ነን፤ አንድ አሜን ጨምረን መሸከም አያቅተንም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አባባ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ የሚመርቁትን ምርቃት፣ በጎቹ ሳይቀሩ የደረሳቸውን፣ እኔ ብቻ አፌን ዘግቼ ላሳልፈው ነው።

በዚህ መሃል የሙሽራው አባት ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከለሚ የመጡ፣ ቁመታቸው ረዘም፣ ነገራቸው ቆጠብ ያለ ሰው ናቸው። በመልሱ የተሰጣቸውን አዲስ ጋቢ ለብሰው እስካሁን ዝም ብለው ሲያዩ ነበር።

«ነገር ለማንሳት አይደለም» አሉ። ይህ ሲባል ነገር እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። «ነገር ለማንሳት አይደለም፤ ግን የእናንተ አራት ጊዜ ተሳመ። እኔ ለሚ ላይ የተሳምኩት አንድ ጊዜ ነው። እሱንም ልጁ ስልኩን እያየ ነው የሳመኝ።»

«አባዬ!» አለ ሙሉጌታ።

«እውነት አይደለም? አራት ለአንድ! የልጅ አባት እንደመሆኔ ልቆጥር አልነበረም። ግን ቆጠርኩ።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እነዚህ እኮ የተበላሹ ናቸው» አልኳቸው። «አይቆጠሩም።»

«ምርቃቱ ተበላሽቷል?»

«ምርቃቱማ አልተበላሸም።»

«እንግዲያው ተቆጥሯል» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

ሰናይት ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ቶሎ ካልያዝሽው ከጋሽ ደምሴ ጋር ልንጣላ ነው፤ ልጆቹም ሃያ ስምንት ደርሰዋል» አለችኝ። እየሳቀች ነው፤ ዓይኗ ግን የበሩን ብርሃን ያያል። ጉሙ እየወፈረ ነበር። አባባም ደክሟቸዋል፤ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚህ በኋላ ብዙ እንደማይቀመጡልን ሁለታችንም አውቀናል።

አምስተኛው ላይ ሁሉ ነገር ተስተካከለ። ክርኔን የበሩ መቃን ላይ አስደገፍኩ። አፌን ገጠምኩ። ሰናይት ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። አሁን ስል ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። የሰናይት ፊት የነበረበት ቦታ ላይ «ፍቃዱ ካሜራ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«እናቴ፣ ተሳካ ወይ ብዬ ነው» አለ።

ምን እንዳልኩት አልጽፍም። የሰርግ ቤት ነው፣ አባባም ነበሩ።

ስድስተኛውን ስልኩን ዘግቼ አነሳሁት፤ ማለት ጥሪውን። ፎቶው ወጣ። ጣሪያ የለም፤ ሁለት ጢም የለም። ግን ጠቁሯል። የአባባ ግማሽ ፊት በጥላ ውስጥ ገብቷል፤ ሰናይት ከነጭራሹ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ሰናይት አይታ «ደህና ነው እትዬ፣ ይበቃል» አለች። ይበቃል ያለችው እኔን ላለማስከፋት መሆኑን ከድምጿ አውቄአለሁ። ያ ነው የከፋኝ።

ለፍቃዱ መልሼ ደወልኩለት። ሁሉም ይስማው ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። 

«ከበሩ ትይዩ ነጭ ነገር ያዙ» አለ ፍቃዱ ከጣርማ በር። «ጋቢም ነጠላም ይሆናል። ከበሩ የመጣው ብርሃን ነጩን መትቶ ወደ ፊታቸው ይመለሳል።»

«ይዘናል» አለች ዘነበች። ሦስት ሴቶች ከስድስተኛው በፊት ጀምሮ በእሷ ትእዛዝ ነጠላቸውን እንደ ልብስ ማስጫ ዘርግተው ቆመዋል። «ይኸው ይዘን እጃችን ዛለ!»

«ታዲያ ለምን ጨለመ? ጥቁር ነገር አለ ማለት ነው። ጥቁር ብርሃን ይበላል። አጠገባቸው ጥቁር የለበሰ ሰው አለ እንዴ?»

የሴቶቹ ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

«ሄሎ? ጥቁር የለበሰ ሰው ካለ ዞር ይበል!»

አባባ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ። «ማነው ጥቁር የለበሰው?»

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። አባባ ሁለት ጊዜ ሰው ልከው «ከልሽን አውልቂ፤ ይበቃል» ብለውኛል። በገና ሦስተኛ ሰው ሊልኩ ሲሉ፣ እኔ ራሴ ሄጄ እጃቸውን ይዤ «አውልቄያለሁ አባባ» ብያቸዋለሁ። ጥቁር ለብሼ። ዓይናቸው አያይም ብዬ። ዘነበች አጠገባችን ቆማ ነበር፤ አይታኝ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ያው ነው። ማታለሌ አልነበረም። ሳወልቀው ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር፤ ያ ብቻ ነው።

«ዘነበች!» አሉ አባባ።

«አቤት አባባ።»

«ማነው ብዬሻለሁ።»

«እኔ እንጃ አባባ፣ ጨለማ ስለሆነ አይታየኝም።» ዘነበች ናት ይህን የምትለው፤ ከእኔ በክንድ ርቀት ቆማ።

«ሄሎ? እናቴ?» አለ ፍቃዱ። «ጥቁሩ ሰውዬ ዞር አለ?»

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ።

አባባ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «በገና አውልቄያለሁ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«እና ዋሸሽኝ?»

«አያዩኝም ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ መልስ ከአፌ በመውጣቱ ደነገጥኩ። የአባባ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አስለቀስኳቸው ብዬ ስቀርብ እየሳቁ ነው።

«እኔ ባላይ ካሜራው አየልኝ!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ነይ ወዲህ። እኔ ምኑ ነኝ?»

«አባቱ ነዎት።»

«እኔ ምን ለብሻለሁ?»

«ነጭ።»

«ከእኔ የበለጠ ልታዝኚለት ነው? እሱ ዘፈን ሰምቶ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነበር። አሁን እዚህ ቢኖር፣ የእህቱን ልጅ ብርሃን ከልለሽ የቆምሽው አንቺ ነሽ ሲሉት ምን ይልሽ ነበር?»

ምን እንደሚለኝ አውቅ ነበር። ጽፌ የማልጨርሰው ስለሆነ ልተወው።

ዘነበች መጥታ ጥቁር ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ ሳበችው።  አጣጥፋ ብብቷ ስር ከተተችው፤ እስከ ዛሬም አልመለሰችልኝም። ቀሚሴ ጥቁር ነው፤ የሚሸፍነው ነገር ያስፈልጋል። በቅርብ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ለብርሃኑ ይዘዋል። ያኔ ጋሽ ደምሴ ተነሱ። ያንን አዲስ ጋቢያቸውን፣ እጥፋቱ እንኳ ያልተፈታውን፣ አውልቀው ከአንገቴ እስከ እግሬ አለበሱኝ።

«እንኳን አወለቅሽ፤ ነፍሱን ይማረው» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ግን ይሰማ! ፎቶው በእኔ ጋቢ ብርሃን ነው የሚነሳው። ስለዚህ የዚህኛው መሳም ግማሹ የእኔ ነው።»

«ይሁንልዎት!» አለ ቤቱ።

ቦታዬን ያዝኩ። ጋቢው ከበሩ የሚመጣውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ አባባ ፊት ሲሰድደው በዓይኔ አየሁት፤ የጉንጫቸው ሽብሽብ አንድ በአንድ ወጣ። ክርኔ መቃኑ ላይ ነው። አፌ ተገጥሟል። ሰናይት ለሰባተኛ ጊዜ ጎንበስ አለች። አንድ። ከንፈሯ አረፈ። ሁለት። አሁን አገጯን ይዘው ቀና ያደርጓታል፣ ይመርቃሉ፣ ስልሳ ሰው አሜን ይላል፣ ሁሉ ነገር ይንቀሳቀሳል ብዬ በጣቴ ልነካ ስል፣ አባባ አላነሷትም።

ሁለት እጃቸውን ሹሩባዋ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። ስድስት ጊዜ ሲመርቁ ቃል ያላጡ ሰውዬ ቃል አጡ። ጣታቸው እንኳ መንቀጥቀጡን ተወ። ምርቃት ስላልነበረ አሜን የሚል አልነበረም። ሙሉጌታ አልተነቃነቀም። ከበሮ የያዘችዋ ልጅ እጇን ከበሮው ላይ እንዳደረገች ቀረች። አራት ቆጠርኩ። አምስት ቆጠርኩ። ያኔ ነካሁት።

«ወጣ?» አሉ አባባ፣ እጃቸውን ሳያነሱ።

ስልኩን አየሁ። «ወጣ አባባ።»

«እኔ አለሁበት?»

«አሉበት። ጢምዎ አንድ በአንድ ይቆጠራል።»

«እሷስ?»

«ዓይኗን ጨፍናለች። ግን ታስታውቃለች።»

ሰናይት ተነስታ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። አየችው። በሁለት ጣቷ አስፍታ የአባባን እጅ አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ እንደገና እጃቸውን አየች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና የጋሽ ደምሴን አዲስ ጋቢ በዓይኗ ኩል አጨማለቀችው። እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ከዚያ አባባ መረቁ። ረጅሙን፣ ቆላና ደጋውን ያዳረሰውን፣ በመጨረሻ «የዚህችንም ዕቃ ባትሪዋን ይባርክልን» ብለው ስልኬን ሳይቀር የጨመሩበትን ምርቃት። ሁለት መዳፌን ዘርግቼ፣ የቀሩብኝን አሜኖች ሁሉ ጨምሬ፣ ከስልሳው ሰው በላይ ጮህኩ።

ከበሮው ተመታ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ግድግዳው ልጠጋ ስል ዘነበች ክንዴን ያዘችኝ።

«የት ነው?»

«ፎቶ ላነሳ ነዋ። እጅሽ ባዶ ነው አላልሽኝም?»

«ያኔ ነበራ!» አለች። ጎትታ መሃል አስገባችኝ። ሥራዬን የያዝኩት ስለማልጨፍር ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ተባረርኩ።

ፍቃዱ የደረሰው ጉሙ ሲገልጥ፣ ጭፈራው ሊያበቃ ሲል ነው። ሁለቱን የባትሪ መብራቶቹን ሲተክላቸው ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያላየኋቸው ግድግዳዎች ታዩኝ። ላቡን እየጠረገ «በጣም ይቅርታ! የጉልበት መሳሙን አንድ ጊዜ ብቻ ብንደግመውስ?» አለ። አባባ ተኝተው ነበር። ማን ይሳም ብለን ስንተያይ፣ ጋሽ ደምሴ ወንበሩ ላይ ሱሪያቸውን ወደ ጉልበታቸው እያስተካከሉ ተቀምጠዋል።

ሰናይት ጅማ ከገባች በኋላ የፍቃዱን ፎቶዎች በቴሌግራም ላከችልኝ። እኔ ያነሳሁትን የአባባን ደግሞ በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩት፤ አንዱን ለእሳቸው ላክሁ፤ አያዩትም፣ ግን የመጣውን እንግዳ ሁሉ «ምን ይታያል?» እያሉ ያስነግሩታል። ፍቃዱ በእነዚያ መብራቶች ያነሳቸው ሁሉ ጥርት ያሉ ናቸው። ከመሃላቸው አንድ ብቻ አለ፣ መብራቱ ከመተከሉ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ያነሳው። ጭፈራው ነው። ሰዎቹ ዙሪያውን ያጨበጭባሉ፤ መሃል ላይ ነጭ ነገር አለ። ፊት የለውም፣ እጅ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ነጭ ብቻ ነው።

ሰናይት ከስሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «እትዬ፣ ይሄኛው ያንቺ ነው፤ ግን ተበላሽቷል። ላጥፋው?»

እኔ ስጽፍ ቀስ ነው የምለው፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈልጌ ነው የማገኛቸው። መልሴን ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

«ተዪው» አልኳት። «እየተንቀሳቀስኩ ነበር።»